ፈረሱም ይጻፍ፣ ልጓም ያዡም

የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት በፈረስ መወራረድን በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች። በዚህ የተነሳ በግዛቷ ስማይርና ከተማ የሚኖር ሰው ትልቅ የፈረስ እሽቅድድም ማየት ቢያምረው ወይ ስድስት ሰባት ሰዓት ነድቶ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ይገባል፤ ወይ ደግሞ በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ያ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ 29 ባሉት ቀናት ይውላል። አበሻው በአምባላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠውን ሰማዕቱ ጊዮርጊስን በሚያነግሥበት ሰሞን ጎረቤቱ ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ የኬንታኪ ደርቢን ይጠብቃል ማለት ነው። ሁለቱም ፈረስ ያከብራሉ፤ አከባበራቸው ግን ለየቅል ነው። የእኛው የፈረሱን ነገር ሳይጠይቅ ፈረሰኛውን ያነግሣል፤ የእነሱ ፈረሱን አንግሦ ያሳደገውን ሰው ይረሳል። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ፈረስ ከሞተ በኋላ ዝናው የሚዘልቀው በተጻፈለት መዝገብ ልክ ነው፤ መዝገቡም ፈረሱን ጽፎ አሳዳጊውን ከተወ ጎዶሎ ነው። በዚህ ሚዛን አሜሪካኖቹ ግማሹን ሠርተዋል፤ እኛ ደግሞ ሌላውን ግማሽ።

ለዚህ ከሴክሬታሪያት የተሻለ ምስክር የለም። በ1970 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቨርጂኒያ ውስጥ የተወለደ ዳማ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ቦራ፣ ሦስት እግሩ ነጭ። በ1972 ጁላይ 4 ቀን ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ገና ከመነሻው ተገፍቶ አራተኛ ወጣ። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ድረስ በጠቅላላው 21 ጊዜ ሮጦ 16 ጊዜ አሸነፈ። የሚነገርለት ግን በ1973ቱ ሦስት ታላላቅ ሩጫዎች፣ በደርቢ፣ በፕሪክነስና በቤልሞንት ነው። በደርቢው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ2/5 ጨረሰው። ሩጫው በአምስት እኩል ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ከቀደመው የፈጠነ ነበር፦ 25 ሰከንድ ከ1/5፣ 24፣ 23 ከ4/5፣ 23 ከ2/5፣ በመጨረሻም 23። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሲያፈተልክ ያየ ኢትዮጵያዊ የዚህን ትርጉም ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ፈረሱ ማርሽ የቀየረው ከመነሻው እስከ መድረሻው መሆኑ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፕሪክነስ ከመጨረሻ ተነሥቶ ገና በመጀመሪያው ጥምዝ ሁሉንም አልፎ ሄደ። ጁን 9 ቀን፣ ማለትም ሰኔ 2 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ቤልሞንት ላይ አንድ ማይል ተኩሉን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገባ፤ ተከታዩን የቀደመው በ31 የፈረስ ርዝመት ነበር። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ላይ ጋላቢው ሮን ተርኮት አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ሰዓቱን ሲያይ ይታያል። ዞሮ የሚያየው ተፎካካሪ አጠገቡ አልነበረም።

ሦስቱም ሰዓቶች እስከ ዛሬ አልተሰበሩም። ይሁንና ሴክሬታሪያት የማይሸነፍ ፈረስ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በጋ ኦኒየን፣ በአማርኛ ሽንኩርት፣ በሚባል ፈረስ ተቀድሟል፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሩቭ አውት የተባለ ደግሞ ቀድሞታል። በሽንኩርት መቀደሙ ሳይድበሰበስ በዚያው መዝገብ ላይ መስፈሩን ልብ በሉ። እኛ ስለ ጀግኖቻችን ስንጽፍ ሽንኩርቱን እናወጣዋለን።

የመዝገቡን ጉልበት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የፕሪክነስ ሰዓት ጉዳይ ነው። በዕለቱ የሜዳው ሰዓት ተበላሽቶ ስለነበር መጀመሪያ 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ተባለ፤ ተቃውሞ ተነሣና 1 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ከ2/5 ተብሎ ተስተካከለ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የፈረሱ ባለቤት ፔኒ ቼነሪ አቤቱታዋን አልተወችም፤ በ2012 የሜሪላንድ የእሽቅድድም ኮሚሽን ምስክሮችን ሰማ፣ የድሮውን ፊልም በአዲስ ዘዴ አስመረመረ፣ ትክክለኛው ሰዓት 1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው ሲል ወሰነ። ሩጫው ከተካሄደ 39 ዓመት፣ ፈረሱ ከሞተ ወደ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። ለአንድ ሰከንድ ከምናምን ይህን ያህል ዘመን መሟገት ሥራ መፍታት ይመስላል፤ ያ ሙግት ባይኖር ግን ዛሬ ሦስቱም ክብረ ወሰኖች የእሱ ናቸው ማለት አይቻልም ነበር። ተራው ተመልካችም ቢሆን የወረቀትን ነገር አውቆበታል። በቤልሞንት ዕለት ለሁለት ዶላር ውርርድ የሚከፈለው ሁለት ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር፤ 5,617 አሸናፊ ትኬቶች ገንዘብ ሳይወሰድባቸው ቀርተዋል። ሰው ሳንቲሟን ትቶ ወረቀቷን ቤቱ አስቀመጠ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቀዳዳ አለ። ፈረሱ በ1989 በሰኮና ሕመም ምክንያት እንዲሞት ሲደረግ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ልቡን አልመዘነውም። 22 ፓውንድ፣ ወደ አሥር ኪሎ ገደማ፣ ይሆናል እየተባለ እስከ ዛሬ የሚነገረው የዓይን ግምት ነው። ሰከንዱን በአምስት ከፍሎ የመዘገበ አገር ልቡን ሳይመዝን ቀበረው።

ሴክሬታሪያት ቶሮብሬድ የሚባለው ዘር ነው፤ ይህ ዘር ራሱ የመዝገብ ልጅ ነው። እንግሊዞች የዘር መዝገባቸውን በ1791 ማተም ጀመሩ፤ አሜሪካኖች በ1868 የራሳቸውን አወጡ። አባትና እናቱ በመዝገቡ ያልሰፈሩ ፈረስ የቱንም ያህል ቢፈጥን ቶሮብሬድ አይባልም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ዘር ድንጉላዎች 95 ከመቶ የሚሆኑት በአባት በኩል ከሶርያ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ አንድ ፈረስ፣ ከዳርሊ ዓረቢያን፣ እንደሚወርዱ የታወቀውም በዚሁ መዝገብና ኋላ በመጣው የዘረመል ምርመራ ነው። የሴክሬታሪያት ውርስም የተገኘው ገጽ ተገልጦ ነው። የሦስት ዓመት ዕድሜው ሩጫዎች ካበቁ በኋላ እንዳይሮጥ ተስማምተው ባለሀብቶች በ32 ድርሻ፣ እያንዳንዱን በ190,000 ዶላር፣ በድምሩ በ6.08 ሚሊዮን ዶላር ለእርባታ ተካፈሉት። ከወንድ ልጆቹ እሱን የሚስተካከል ጠፋ፤ ገንዘባቸው እንደ ባከነ ያወሩም ነበሩ። መዝገቡ በእናት በኩል ሲገለጥ ወሬው ተለወጠ። ሴት ልጁ ተርሊንጓ ስቶርም ካትን ወለደች፤ ሌላዋ ልጁ ዊኬንድ ሰርፕራይዝ ኤ.ፒ. ኢንዲን ወለደች። በ2015 እና በ2018 ሦስቱን ታላላቅ ሩጫዎች ጠቅልለው የወሰዱት አሜሪካን ፋሮ እና ጀስቲፋይ ሁለቱም የስቶርም ካት ዘር ናቸው። የባዝራዎች ስም ባይጻፍ ኖሮ ያ ፈረስ ዘሩ መክኖ ቀረ ተብሎ ይረሳ ነበር።

ታዲያ የዚህ ሁሉ መዝገብ ጎዶሎው ምንድን ነው? ሰውየው ነው። ሴክሬታሪያትን ያበላው፣ ያጠበው፣ እግሩን የጠቀለለው፣ ልጓሙን ይዞ ወደ ሜዳ ያስገባው ኤዲ ስዌት የሚባል ጥቁር ሰው ነበር፤ ከጆርጂያ ጎረቤት ከደቡብ ካሮላይና፣ ሆሊ ሂል ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ። ፈረሱ በሚሊዮን ሲሸጥ የእሱ ድርሻ ደመወዙ ነበር። በ1998 ሲሞት ሀብት አላፈራም። ነገሩ በእሱም አልተጀመረም። በ1875 የመጀመሪያው ደርቢ ሲሮጥ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ አሪስታይዲስን ለድል ያበቃው ኦሊቨር ልዊስ ጥቁር ነበር፤ ፈረሱን ያሠለጠነው አንሰል ዊልያምሰንም በባርነት የተወለደ ሰው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 28 ደርቢዎች 15ቱን ያሸነፉት ጥቁር ጋላቢዎች ናቸው። ቀጥሎ የዘር መድልዎው ከሜዳው ገፍቶ አስወጣቸው። ሦስት ደርቢ ያሸነፈው አይዛክ መርፊ በ1896፣ ከዐድዋ ድል ሦስት ሳምንት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀድሞ ሞተ፤ ሌክሲንግተን የጥቁሮች መቃብር ተቀበረ፣ መቃብሩም የት እንደሆነ ጠፋ። በ1960ዎቹ ተፈልጎ ሲገኝ አጥንቱ ተነሥቶ ማን ኦ ዎር ከሚባለው ገናና ፈረስ አጠገብ ተቀበረ። ሰውየው የሚታወስበትን ቦታ ያገኘው ፈረስ ጥግ ተጠግቶ ነው። ስዌትም ቢሆን ዘግይቶ ሐውልት ውስጥ ገብቷል፤ ኬንታኪ በሚገኘው የፈረስ መናፈሻ የሴክሬታሪያት ምስል ከነጋላቢው ሲቆም ልጓሙን የያዘው እሱ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ ባላባት በፈረሱ ይጠራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ከኦሮሞ ፈረሰኞች ጋር በምንጋራው በዚህ ልማድ ሰውየው የፈረሱ አባት ነው፤ ንጉሥ እንኳ የፈረስ አባት መባልን እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር። በዚህ ላይ ቤተ መንግሥቱ የፈረሶቹን ኃላፊ ባልደራስ ብሎ ይሾመው ነበር። ኤዲ ስዌት ጎንደር ወይም አንኮበር ተወልዶ ቢሆን ማዕረግ ይኖረው ነበር ማለት ነው፤ ይህን ስል አሽከሩ ሁሉ ተንደላቆ ይኖር ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከእነዚህ ፈረሶች መሐል ስሙ ከሁሉ ርቆ የሄደው የራስ መኮንን ቃኘው ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ቃኘው ግን ከሞተም በኋላ ዘምቷል። አምባላጌ፣ መቀሌና ዐድዋ የተዋጉት የሐረሩ ገዥ አባ ቃኘው ሲባሉ ኖሩ፤ በ1943 ዓ.ም. ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮሪያ የላኩትን ጦር ቃኘው ሻለቃ አሉት። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ልጆቹን ቢያጣም አንድ ምርኮኛ አላስያዘም። ቀጥሎ በ1953 አሜሪካኖች አስመራ ላይ የነበራቸው የመገናኛ ጦር ሰፈር ቃኘው ተባለ፤ በ1977 እስኪዘጋ ድረስ ስንት የአሜሪካ ደቡብ ልጅ ደብዳቤውን በአንድ የሐበሻ ፈረስ ስም አድራሻ ሲቀበል ኖሯል።

ስሙ እንዲህ ከኖረ፣ ፈረሱስ? ቃኘውን ማን ወለደው፣ መልኩ ምን ነበር፣ ውርንጭላ ሳለ ገብሱን ያቀረበለት፣ ጋማውን ያበጠረለት ማን ነው ብላችሁ አሥር የታሪክ ወዳጅ ጠይቁ። ሻለቃውን ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን ሰው ወሰደው፣ ፈረሱ ቀረ። በመዝገብ ያልሰፈረ ዘር ሲጠፋም ድምፅ አያሰማም። ኢትዮጵያ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ፈረስ ያላት አገር ናት፤ አጥኚዎች ፈረሶቿን በስምንት ይከፍሏቸዋል፦ አቢሲኒያ፣ ሰላሌ፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ኦጋዴን እና ቁንዱዶ። የመጨረሻዎቹ ራስ መኮንን ይገዙት በነበረው አገር፣ ከሐረር ብዙም በማይርቀው የቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩ የዱር ፈረሶች ናቸው፤ ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር እስኪሆን ወርዷል። ከተማ ውስጥ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋሪ እየጎተተ አርጅቶ፣ ጀርባው ተልጦ፣ ሰኮናው ተሰንጥቆ ሲያበቃ ባለቤቱ ይለቀዋል። ፈረሱ አስፋልት መሐል ገብቶ ይቆማል። መኪና ግራና ቀኙን እየታከከው ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ አያንቀሳቅስም። የሴክሬታሪያትን አንድ ሰከንድ ለማስተካከል 39 ዓመት የተሟገተ አገር አለ፤ እኛ ዘንድ ያ የጋሪ ፈረስ ስንት ዓመት እንደ ሠራ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ስል የሚነሡብኝን መቃወሚያዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሰማው ነው፦ እሽቅድድም ማለት ቁማር ነው፣ የዘር መዝገቡም የቁማርተኛ ደብተር ነው። እውነትነት አለው። እንግሊዞቹ መዝገቡን የጀመሩት ገዢና ተወራራጅ እንዳይታለል እንጂ ለፈረስ ፍቅር ብቻ አልነበረም። የጆርጂያ ሕግ አውጪዎች ውርርዱን ለመፍቀድ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ደጋግመው ሞክረዋል፤ የሁለቱንም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የሕዝብ ውሳኔ ስለሚጠይቅ አልሆነላቸውም። እኔም እንዲሆን አልወተውትም። (ልጁን ከሎተሪ በሚገኘው የሆፕ ስኮላርሺፕ ያስተማረ ወላጅ ግን ቁማርን ሲያወግዝ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል።) ደብተር መያዝ ውርርድ አይጠይቅም። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሱ በጥልፍ ልብስ አጊጦ፣ አንገቱ በጌጥ ተሞልቶ፣ ሽምጥ ሲጋልብና ጉግስ ሲጫወት ትኬት የሚቆርጥ ተወራራጅ የለም። ሰው የሚመጣው ለጊዮርጊስ፣ ለዐድዋና ለፈረሱ ብሎ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል። መዝገብ ፈረሱን ከስቃይ አላዳነውም ይሉኛል። ሩፊያን በ1975፣ ባርባሮ በ2006፣ ኤይት ቤልስ በ2008 በሕዝብ ፊት እግራቸው ተሰብሮ በዚያው ሰበብ ለሞት ተዳርገዋል፤ በ2023 ደርቢ በሚካሄድበት ቸርችል ዳውንስ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 12 ፈረሶች ሞተዋል። የተዘጋው መዝገብ ራሱ ዘሩን አጥብቦ አጥንቱን አሳስቷል የሚሉም አሉ። ይህን አላስተባብልም፤ ተርኮት ራሱ በ1978 ከፈረስ ወድቆ ዕድሜውን በተሽከርካሪ ወንበር ጨርሷል። ነገር ግን 12 መሆናቸውን በምን አወቅን? ስለተቆጠሩ ነው። ስለተቆጠሩ ሜዳው ሩጫውን አቁሞ ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ተገደደ። የአስፋልቱ ፈረስ ሲሞት የሚቆም ነገር የለም። የዘር መጥበቡን በተመለከተም የእኛ ደብተር በር እንዲዘጋ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ስምንቱንም እንደየመልካቸው መጻፍ ይችላል። ሰው በራበት አገር ለፈረስ ደብተር መያዝ ቅንጦት ነው የሚል ደግሞ እህሉን ወደ ገበያ፣ የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ምን እንደሆነ ደጋ ያለ ገበሬ ይጠይቅ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሁለት አካላት አቀርባለሁ። አንዱ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው፤ ሌላው የአገር ከብትና አዝርዕት ዘር እንዲጠብቅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት። ማኅበሩ አባላቱን ያውቃቸዋል፤ ፈረሶቻቸውንም እንዲሁ ይወቃቸው። በመጪው ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ዳር አንድ ጠረጴዛ ይዘርጋ፣ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቀመጥ፤ የወረቀቱንና የእስክሪብቶውን ዋጋ ስማይርና ያለነው ለማዋጣት አንቸገርም። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ የፈረሱ ስምና መልክ፣ ሁለተኛው ላይ የእናቱ ስም፣ ሦስተኛው ላይ ባልደራስ ተብሎ ያሳደገው ሰው ስም ይጻፍ።